የጥር ፀሐይ፣ የነሐሴ ሂሳብ

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አክስቴ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ፀሐይሽ ሰነፈ እኮ» አለችኝ።

አክስቴ ከሆሳዕና ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሱቅ አላት። የመብራት መስመር እዚያ አልደረሰም። ለስላሳና ውሃ አቀዝቅዛ ትሸጣለች፣ የሰፈሩን ሰው ስልክ በክፍያ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ትከፍትና ሱቁ ይደምቃል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ጣሪያዋ ላይ ያሉት ሁለት ፓኔሎች ናቸው። ጥር ላይ አስተክላቸው እስከ ግንቦት ድረስ እንደ ሰዓት ሠርተውላታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ፍሪጁ ሌሊት መጥፋት ጀመረ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ስልክ ይዘው የሚመጡትን ደንበኞች «ዛሬ አልቻልኩም» እያለች መመለስ ያዘች።

«ፀሐይሽ» ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመግዛቷ በፊት ሻጩ የሰጣትን ወረቀት በቴሌግራም ልካልኝ «አንቺ ኢኮኖሚክስ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ እይልኝ» ብላኝ ነበር። አየሁት። ማባዛቱ ትክክል ነው፣ መደመሩ ትክክል ነው። «ጥሩ ነው፣ ግዢ» አልኳት። ገንዘቡን የወሰደችው ከቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፣ በየወሩ ትከፍላለች። ፀሐይ ክረምት ላይ እረፍት ትወጣለች፣ ዕዳ ግን አይወጣም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ይቅርታ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከአንድ ሱቅ ያልፋል፣ ምክንያቱም እኔ በአክስቴ ወረቀት ላይ የሠራሁትን ስህተት ስለ ሀገራችን ፀሐይ ስናወራ ሁላችንም እንሠራዋለን።

የወረቀቱ ስህተት

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ፓኔሎቹ እያንዳንዳቸው 200 ዋት፣ ድምሩ 400 ዋት። «በቀን 5 ሰዓት ተኩል ፀሐይ»። 400 በ5.5 ሲባዛ 2,200 ዋት ሰዓት። የሱቁ ፍጆታ ደግሞ ፍሪጁ 900፣ ሃያ ስልክ 400፣ አምፖልና ቴሌቪዥን 200፣ በድምሩ 1,500 ዋት ሰዓት። በየቀኑ 700 ይተርፋል ማለት ነው። ማን እምቢ ይላል?

በነገራችን ላይ የስልኩን ሂሳብ እናንተም በእጃችሁ ባለው ስልክ መሥራት ትችላላችሁ። ባትሪው 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ በ3.85 ቮልት ስታባዙት 19 ዋት ሰዓት ይመጣል። ቻርጀሩ የሚያባክነው ሲጨመር ለአንድ ሙሉ ቻርጅ 20 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሃያ ስልክ 400።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፓኔል ላይ የተጻፈው 200 ዋት የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። የሚለካው የብርሃኑ ጉልበት በአንድ ሜትር ካሬ 1,000 ዋት ሲሆንና የፓኔሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው። ጣሪያ ላይ የወጣ ፓኔል ይግላል፣ አቧራ ይጠጣል፣ በሽቦ ላይ ይባክናል፣ ከባትሪ ገብቶ ሲወጣም ይቀንሳል። ባትሪ ያለው ትንሽ ሲስተም ከሰማይ ከተቀበለው የወረቀት ቁጥር ሰው እጅ የሚደርሰው 60 እና 65 በመቶ ቢሆን ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የዕቃው ተፈጥሮ ነው።

ሁለተኛው ችግር «5 ሰዓት ተኩል» የምትለው ቁጥር ናት። ውሸት አይደለችም። የዓመት አማካይ ናት። አማካይ ደግሞ፣ ስታትስቲክስ ያስተማሩን መምህራን እንደደጋገሙልን፣ ዋናን ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው። በአማካይ ጉልበት የሚደርስ ወንዝ መሃሉ ላይ ሊያሰምጥ ይችላል።

የአክስቴን ሱቅ በወር ከፍለን እንየው። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ባለ 400 ዋቱ ሲስተም በተግባር የሚያደርሰው በቀን 1,600 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከፍጆታዋ በ100 ብቻ ይበልጣል። ለዚህ ነው እስከ ግንቦት ምንም ያልተሰማት። በሐምሌና ነሐሴ ግን አማካዩ ወደ 1,100 ይወርዳል። በየቀኑ 400 ይጎድላል። ጉድለቱን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ባትሪዋ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት፣ በወረቀት 2,400 ዋት ሰዓት ነው፤ ግን ይህ ዓይነቱ የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፣ ስለዚህ መጠቀም ያለባት 1,200 ብቻ ነው። 1,200 ለ400 ሲካፈል ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ፍሪጁ ይጠፋል። ያ ደግሞ በአማካይ ቀን ነው። ሰማዩ ሳይከፈት ሦስትና አራት ቀን ሲዘልቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

በዚያ ላይ የሊድ ባትሪ ተራግፎ ብዙ ቀን ሲቆይ ውስጡ ይጠነክርና የመያዝ አቅሙን ያጣል። አንድ ክረምት የተራበ ባትሪ መስከረም ላይ ፀሐይ ብትወጣም እንደ ድሮው አይሆንም። የአክስቴም አልሆነም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ፓኔሉ የሚራበው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እኔም አላውቅም ነበር።

አውሮፓ ውስጥ የሶላር ምርት በክረምት የሚወድቀው ፀሐይ ራሷ ስለምትርቅ ነው። በርሊን ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ስምንት ሰዓት አይሞላም፣ ሰኔ ላይ ከ16 ሰዓት ይበልጣል። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው ያለችው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀናችን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ ይህን ይመሰክራል፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ወጥታ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለምትገባ ነው ቀኑን ከዚያ የምንቆጥረው።

ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። ለአዲስ አበባ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው። ሁለተኛው መቼ ይመስላችኋል? ነሐሴ 24 አካባቢ! በዚያን ቀን ቀትር ላይ በትር ብትተክሉ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ከደመና በላይ ላለ ሰው ነሐሴ መጨረሻ ከዓመቱ ጠንካራ የፀሐይ ወቅቶች አንዱ ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 57 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትወጣው። ግን ፓኔሉ ጠግቦ የሚያድረው ታኅሣሥ ነው፣ የሚራበው ነሐሴ።

ስለዚህ የእኛ የሶላር ክረምት የፀሐይ ክረምት አይደለም፣ የደመና ክረምት ነው። ይህ ልዩነት ለሂሳብ ወሳኝ ነው። ፓኔልን ወደ ደቡብ በጣም አዘንብሎ መትከል በበርሊን ክረምት ይረዳል። እዚህ ግን በክረምት ፀሐይዋ አናት ላይ ወይም ትንሽ ወደ ሰሜን ናት፣ ብርሃኑም የሚመጣው በደመናው በኩል ከሰማዩ ሁሉ ተበታትኖ ነው። ጠፍጣፋ ሊባል በሚችል ደረጃ ያለ፣ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያዘነበለ ፓኔል ከሁሉ ይሻላል። ያቺ ትንሽ ዝንባሌም ዋና ሥራዋ ዝናቡ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን የአውሮፓ ቪዲዮ አይቶ 35 ዲግሪ ያስተከለ ሰው ካለ፣ ለነሐሴው ራሱን እየጎዳ ነው።

ደግሞ አንድ መልካም ዜና። ሙቀትና ብርሃን አንድ አይደሉም። ፓኔል ብርሃን ይወዳል፣ ሙቀት ይጠላል። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። አፋር ውስጥ ቀትር ላይ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል ከአቅሙ 15 በመቶ ያህል ያጣል ማለት ነው። ደጋው ላይ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ሰማዩ በበጋ ጥርት ያለ ነው። ደጋ ለሶላር አይሆንም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ሀገሪቱ አንድ ሰማይ የላትም

በቁጥር እናስቀምጠው። በአብዛኛው የሀገራችን ክፍል በአንድ ሜትር ካሬ መሬት ላይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ፀሐይ ያርፋል። በዓመት 2,000 ገደማ ነው። ጀርመን የምታገኘው ወደ 1,100 ነው። ጀርመን ግን ከ90,000 ሜጋ ዋት በላይ ፓኔል ተክላለች፣ በአቅም ብቻ ካነጻጸርነው የሕዳሴ ግድብን ከአሥራ ሰባት ጊዜ በላይ። እኛ ያለን ፀሐይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ የተከልነው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል ያለ ባትሪ በቀጥታ ሲሠራ፣ በበጋ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል። ከበጋው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ለደጋው ነው። በምዕራቡ፣ በኢሉባቦር በኩል፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የሚራብበት ጊዜ ይረዝማል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ደግሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በጸደይና በመኸር ስለሆነ የቀን መቁጠሪያው ሌላ ነው። «የኢትዮጵያ ሶላር በቀን 5 ሰዓት ተኩል» የሚለው ቁጥር ለጎሬም ለመቀሌም ለሞያሌም አንድ ሆኖ ሲሸጥ፣ አንዱ ትርፍ ሲያገኝ ሌላው ጨለማ ውስጥ ያድራል።

የየአካባቢያችሁን ቁጥር ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም። የዓለም ባንክ ያዘጋጀው ግሎባል ሶላር አትላስ እና የአውሮፓ ኮሚሽን ፒቪጂአይኤስ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ በስልክ ይከፈታሉ። ካርታው ላይ ቤታችሁን ስትነኩ የየወሩን ምርት ያወጡላችኋል። የኔ ጥፋት ይሄ ነው። ሦስት ደቂቃ የሚፈጀውን ነገር ሳላደርግ የሰው ወረቀት ላይ ያለውን ማባዛት አረጋገጥኩ።

ውሃና ፀሐይ ተራ ይገባሉ

እስካሁን ነሐሴን እንደ ጠላት ነው የቆጠርነው። ከአንድ ጣሪያ ወደ ሀገር ስንወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ግድቦች የሚሞሉት መቼ ነው? በክረምት። ደመናው ፓኔሉን ሲያስርብ ግድቡን ያጠግባል። ከዚያ ከጥቅምት ጀምሮ ውሃው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ፀሐይዋ ደግሞ በዚያው ልክ እየጠነከረች ትመጣለች። በጣም የሚጨንቀው ጊዜ የበጋው ጅራት ነው፣ ግድቡ ሲጎድልና ዝናቡ ገና ሳይመጣ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ? የጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፋብሪካው ቆመ፣ ጀኔሬተሩ ጮኸ፣ ሻማ ተወደደ። የፈረቃው ወር ክረምት ሊገባ ሲል መሆኑ አጋጣሚ አይደለም።

ማለትም ለአክስቴ ሱቅ ድክመት የሆነው ወቅት ለሀገር መስመር ድክመት አይደለም። የሶላር ደካማ ወር የውሃ ጠንካራ ወር ነው። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያዎች የተተከሉትም በዚሁ አስተሳሰብ ነው፣ ነፋሱም በበጋ ይበረታል። ተፈጥሮ ተራ አውጥታ ሰጥታናለች፣ እኛ ግን በአንዱ ብቻ ተወራርደናል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴን አስመርቀናል፣ 5,150 ሜጋ ዋት አለን፣ ሶላር ምን ያደርግልናል?» የሚል። ጥያቄውን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ሕዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፣ ይህም አባይ ከሀገር ይዞ ከሚወጣው የአንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። እንደ ትናንሾቹ ግድቦች በየበጋው የሚደርቅ ነገር አይደለም። የ2011ዱ ዓይነት ፈረቃ የመምጣት ዕድሉ በጣም ቀንሷል።

ግን 5,150 ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ይህ ተርባይኖቹ ሁሉ በአንዴ ሲዞሩ የሚሰጡት ከፍተኛ አቅም ነው። ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን ቢዞሩ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጡ ነበር። ግድቡ በዓመት እንዲያመርት የታቀደው ግን 15,700 ገደማ ነው፣ አንድ ሦስተኛ። ቀሪው እጥረት የተርባይን አይደለም፣ የውሃ ነው። እንግዲህ ቀን ላይ ፀሐይ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስትሰጥ፣ ግድቡ ያንኑ ያህል ውሃ ይዞ ይቆያል። ያ ውሃ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ምጣድ ሲለኩስና መብራት ሲያበራ፣ ይለቀቃል። አክስቴ ባትሪ በብድር ገዛች፣ ሀገር ግን ትልቁን ባትሪ ገንብታ ጨርሳለች። የቀረው ቀን ቀን የሚሞላው ፓኔል ነው።

ታዲያ ለምን አልተተከለም?

ሙከራው ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የመተሐራ 100 ሜጋ ዋት ሶላር ጨረታ ኤኔል ለሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ተሰጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ክልል ጋድ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ለመትከል አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ በወቅቱ በአፍሪካ ከታዩት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች አንዱ። ዜናው ሲወጣ ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ ፓኔሉ አልመጣም።

ኢኮኖሚክሱ እዚህ ጋ ነው ያለው። ውሉ በዶላር ነው። ኩባንያው ፓኔሉን በዶላር ገዝቶ፣ ብድሩን በዶላር ወስዶ፣ ለ20 ዓመት በዶላር ሊከፈለው ነው የሚፈርመው። ገዢው አንድ ነው፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል። እሱ ደግሞ ከእናንተና ከእኔ የሚሰበስበው ብር ነው። በ2019 ዶላር 30 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ያ 2.526 ሳንቲም ማለት 76 የኛ ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ብር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ወደ 100 አለፈ። አሁን ዶላርን 150 ብር ብለን እናስበው፣ ያው «ርካሽ» ኃይል 3 ብር ከ79 ሳንቲም ይሆናል። ፀሐይዋ አልጨመረችም፣ ፓኔሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ብራችን ነው።

ኩባንያዎቹም አበዳሪዎቻቸውም ይህ ሊመጣ እንደሚችል ከኛ ቀድመው ያውቁ ነበር። ሥጋታቸው ደመና አልነበረም። ብር ሰብስበን ዶላር መግዛት እንችላለን ወይ፣ ከገዛንስ እንዲያወጡት እንፈቅዳለን ወይ የሚል ነው። ለዚህ ነው ስለ ሶላር አቅማችን የሚወጡ ዜናዎችን ሳነብ ስለ ፀሐዩ መጠን የሚያወራውን አንቀጽ ዘልዬ ስለ ክፍያው ዋስትና የሚያወራውን የምፈልገው። ብዙ ጊዜ የለም። ከሌለ ዜናው ገና አልደረሰም።

የምንዛሪው መለቀቅ ሁለት ስለት አለው። የመጣውን ዶላር ማውጣት ቀለል ካለ ባለሀብት ይደፍራል። በሌላ በኩል የፓኔል ዋጋ በዓለም ላይ ባለፉት አሥር ዓመታት ከግማሽ በታች ቢወርድም፣ ብር በዚያው ፍጥነት ሲወርድ ርካሽነቱ ሱቅ ሳይደርስ ይተናል። ፓኪስታንን ተመልከቱ። እሷም የዶላር ችግር አለባት፣ ግን የመብራት ታሪፏ በጣም ስለተወደደ ሕዝቡ ራሱ ጣሪያውን በፓኔል ሸፈነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ 17,000 ሜጋ ዋት ገደማ ፓኔል አስገባች። እኛ ጋ መስመር ላለው ሰው ታሪፉ ርካሽ ሆኖ ስለቆየ ያ ግፊት አልነበረም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ በአራት ዓመት ውስጥ እያደገ እንዲሄድ ተወስኗል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሶላር የማያዋጣው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሂሳቡን እንደገና ሊሠራው ይገባል።

መስመር የሌለው ሰውስ? ግማሽ ገደማ የሚሆነው ሕዝባችን ዛሬም ኤሌክትሪክ የለውም። የ2017 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም፣ በኋላም በ2019 የተሻሻለው፣ እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ባለ ኃይል ሁሉንም ለማዳረስ ነበር ያቀደው። 2025 መጥቶ አልፏል። ያ 35 በመቶ የአክስቴ ዓይነት ሰው ነው፣ በራሱ ብድር፣ በራሱ ጣሪያ፣ በሌላ ሰው ወረቀት።

ፀሐይን ከሥራው ጋር ማጋባት

ነሐሴን የሚያሸንፉበት አንዱ መንገድ ባትሪና ፓኔል መደርደር ነው። ሌላው ግን ፀሐይ በሚበዛበት ወር የሚበዛ ሥራ መፈለግ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ምሳሌ የመስኖ ፓምፕ ነው። ገበሬ ውሃ መሳብ የሚያስፈልገው መቼ ነው? በበጋ። ክረምት ላይ ሰማዩ ራሱ ያጠጣለታል። ባትሪም አያስፈልገውም፣ ፀሐይ ስትወጣ ይስባል፣ ስትገባ ያቆማል። የበጋ ስንዴ በናፍጣ ፓምፕ በሚጠጣበት ሀገር፣ ናፍጣውም በዶላር በሚገባበት ሀገር፣ የፓኔሉ ዶላር አንዴ ወጥቶ ለሃያ ዓመት ይሠራል፣ የናፍጣው ዶላር ግን በየሳምንቱ ይቃጠላል። ከትልልቆቹ ጨረታዎች ይልቅ ለዚህ የሚሆን ብድር ቢቀድም ነው የምለው እኔ።

ፓኔል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። «በነሐሴ በቀን ስንት ይሰጠኛል?»፣ «ይህ ቁጥር ከባትሪው በኋላ ነው ወይስ በፊት?»፣ «ሦስት ቀን ደመና ቢሆን የቱን ዕቃ ነው የማጠፋው?» በጥሩ ሁኔታ የሚመልስ ሻጭ አለ፣ ከሱ ግዙ። «ኧረ አታስቡ» የሚል ደግሞ አለ። የአክስቴ ሻጭ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩትም።

አክስቴ ጋ ልመለስ። መስከረም ላይ ሄጄ ሂሳቡን ከሷ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ሠራነው። አንድ ተጨማሪ 200 ዋት ፓኔል ብትጨምር በነሐሴ አማካይ ቀን 1,650 ታገኛለች፣ ከፍጆታዋ በላይ። ፓኔሉ ከአዲስ ባትሪ ያነሰ ዋጋ አለው። ግማሹን እኔ ከፈልኩ፣ ወረቀቱን ያጸደቀው እጄ ስለሆነ። «ፍሪጁንስ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «በሐምሌ ዶፍ ቀዝቃዛ ለስላሳ የሚጠጣ ማን አለ? ድሮም እኮ ለወጉ ነው የማበራው።» ከኔ ሂሳብ ሙሉ ውስጥ ይህ አልነበረም። ሐምሌና ነሐሴ ፍሪጁ በቀን አጋማሽ ብቻ እንዲሠራ ተስማማን።

ሦስተኛው ፓኔል በበጋ በቀን 900 ዋት ሰዓት ያተርፍላታል። የአጎቴ ልጅ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ይዞ ከሱቁ ጎን ሊቀመጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይሠራል፣ ክረምት ሲገባ ወደ እርሻው ይመለሳል። ኪራዩ የወር ዕዳዋን ግማሽ ይሸፍናል። ባትሪው ግን አሁንም ደካማ ነው፣ የሚቀጥለውን ነሐሴ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ነሐሴ ሲገባ እሷ ሳትደውል እኔ እደውላለሁ።